እህ ያላለችው ይርጋነሽ

ሞጣ ውስጥ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ሰፈራችን፣ ራሷን ለይርጋነሽ ያልሰጠች ሴት አልነበረችም። የእኔንም ጸጉር ከልጅነቴ ጀምሮ የምትሠራው እሷ ነበረች። በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፣ እኛ ጉልበቷ ሥር ቁጭ እንላለን፣ በሚዶ አበጥራ በወስፌ ትከፍልና ትጀምራለች። ሌላዋ ስትጎነጉን ዓይን ታስለቅሳለች። ይርጋነሽ ስትሠራ ግን እንቅልፍ ይወስደን ነበር። ስትጨርስ በሚዶዋ ጀርባ ራሳችንን ቆርቆር አድርጋ «ተነሺ እንጂ፣ ቤት የለሽም?» ትለናለች።

ሙሽራ ሲሆንማ አታድርስ ነው። ባለሠርግ በቅሎ ልኮ ያስመጣታል። ሙሽራዋ ከአጠገቧ ስትነሣ እናቷ እንኳ ትኩር ብላ ካላየቻት አታውቃትም።

ባሏ ሲሞት አንዲት ልጇን ባንቺዓለምን ይዛ ቀረች። ወንድሟ መሪጌታ ሣህለ ማርያም የቅኔ መምህር ናቸው፤ ደጃቸው በተማሪ የተሞላ፣ ጎተራቸው ግን ባዶ። ለእህታቸው የሚያንሳቸው እህል እንጂ ምክር አልነበረም። ስለዚህ እናትና ልጅ የሚያድሩት በይርጋነሽ ጣቶች ነበር።

ሕመሙ የጀመራት በአንድ ክረምት ነው። ጠዋት ስትነሣ ጣቶቿ አልታጠፍ ይላሉ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ይላላሉ፣ ማግስቱን ደግሞ ያው ነው። ቀስ በቀስ የሁለቱም እጆቿ አንጓዎች እኩል አበጡ። ሞጣ ብርድ ነው፤ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ጤነኛውንም ያንቀጠቅጣል። እኔም ብርድ ነው ብዬ ዋግምት እንድትታገም መከርኳት። ታገመች። ጠበልም ተጠመቀች። አልለቀቃትም።

ሕመሟን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነበር፤ ለእኔም ቢሆን ወድዳ አይደለም። አንድ ጠዋት እሳት ልጫር ስገባ የቅቤ ቅሏን ክዳን በጥርሷ ስትታገለው አገኘኋት። ስታየኝ ደነገጠች።

«በዛብሽ፣ በእመቤታችን ይዤሻለሁ፣ ለማንም እንዳትነግሪ፤» አለችኝ። «ጣቷ ለታመመ ጸጉር ሠሪ ማን ራሷን ይሰጣል?»

መደበቁን ደግሞ ታውቅበታለች። ባንቺዓለምን ስትወልድ አጠገቧ የነበረችው እናቴ «የሕፃኗን ድምፅ እንጂ የእናቲቱን አልሰማሁም» ትል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ይህን እንደ ሙገሳ ነበር የሚያወራው። የጨዋ ልጅ ማለት እንደ ይርጋነሽ ነው፣ ምጥ ላይ እንኳ እህ አላለችም ይባላል። እኔ ነገሩ ያን ጊዜም አልተዋጠልኝም። ሰው ሲያመው እህ ቢል ምን ይጎድልበታል? እኔ ጥርሴን ያመመኝ እንደሆነ እንኳን ሰፈሩ ገበያውም ይሰማል። ይርጋነሽ ግን ሁሉን ሆድ ይፍጀው የምትል ሰው ነበረች። ሲብስባት የማውቅባት በአንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላብ ችፍ ይላል።

በዚያው ዓመት፣ የጃንሆይ ዘመን ነው እንግዲህ፣ ጎንደር ተምሮ የመጣ አንድ ጤና መኮንን ሞጣ ተመደበ። አቶ እንድሪስ ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው። አገሩ «ዶክተር» ሲለው «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ሰልችቶት ትቶታል። ይርጋነሽን በግድ እየጎተትኩ ወሰድኳት። አንጓዎቿን አንድ በአንድ እየተጫነ «ያማል?» ይላታል።

«ደህና ነው።»

«ይሄስ?»

«ደህና ነው፣ ጌታው።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ከክንዷ ደም ቀድቶ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ አደረገና ቱቦውን በእንጨት ላይ አቆመው። ተቀምጠን ጠበቅን። ቀዩ ደም እያየነው ወደ ታች ዘቀጠ፣ ከላይ ቢጫ ውሃ ብቻ ቀረ።

«ደም እንዲህ ፈጥኖ ሲወርድ በሽታው ውስጥ ለውስጥ እየሠራ ነው ማለት ነው፤» አላት። «እትዬ ይርጋነሽ፣ ደምዎ እየተናገረ እርስዎ ዝም ይላሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ሲባል አልሰሙም?»

«ምንድን ነው በሽታው?» አልኩት እኔ፤ እሷ እንደማትጠይቅ አውቃለሁና።

ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገባችን ተቀመጠ። «በደማችን ውስጥ ዘበኞች አሉ። ነጭ ናቸው፣ በዓይን አይታዩም። ቁስል ሲኖር፣ በሽታ ሲገባ ሮጠው የሚዋጉልን እነሱ ናቸው። የእትዬ ይርጋነሽ ዘበኞች ግን ተሳስተዋል። የገዛ አንጓቸው ጠላት መስሏቸው እሱኑ ይወጋሉ። እነሱ በበረቱ ቁጥር እጁ ይግላል፣ ያብጣል፣ አጥንቱም ይበላል። ጋብ ሲሉ ሕመሙም ጋብ ይላል።»

ይርጋነሽ እጆቿን አየች። «ጌታቸው የሆነ ነገር ቢበድላቸው ነው እንጂ ዘበኛ በከንቱ አይነሣም፤» አለች።

«አልበደሉም።»

«ታዲያ ማን አሳሳታቸው?»

«እሱን አስተማሪዎቼም አያውቁትም፤» አለ አቶ እንድሪስ። ሳያውቅ የሚያውቅ አለመምሰሉን ወደድኩለት።

አስፕሪን ሰጣት። ሲያብጥ እንድታሳርፈው፣ ሲያማት እንድትናገር ለመናት። ጣቶቿ ወደ ጎን መጣመም ጀምረው ስለነበር ውሎ አድሮ ይበልጥ እንደሚጣመሙም አልደበቃትም። ወደ ቤት ተመልሰን በራችን ላይ ስንደርስ ቆመች።

«ጣቶቼ ጨርሰው ሳይጣመሙብኝ የባንቺዓለምን የሠርግ ጸጉር ልሥራ፤ ሌላ አልለምነውም። ሌላ ሰው በልጄ ራስ ላይ እጁን አያሳርፍም፤» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የምትኖረው ለዚሁ ነበር። ሌላውን ሁሉ ንቃ ትታዋለች።

እግዚአብሔርም የሰማት መሰለ። ሞጣ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ቢሆነኝ የሚባል የቢቸና ልጅ ባንቺዓለምን ወደደ። ልጅቷም አልጠላችውም፤ ውሃ የምትወርድበትን ሰዓት እሱ ከትምህርት ቤት ከሚወጣበት ጋር ማስማማቷን ያላየ የለም። አባቱ ቀኛዝማች ባዘዘው ቢቸና ውስጥ ስማቸው የሚጠራ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ሰደዱ። የሽማግሎቹ አለቃ ግራዝማች ውበቴ ነበሩ፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ።

በመጀመሪያው ጊዜ ሽማግሎቹ ቆመው ጠየቁ፣ መሪጌታም ዘመድ አማክረን ብለው ቀጠሮ ሰጡ፤ ደንቡ ነው። በእኛ አገር በቀጠሮው መካከል ዘር ይጠየቃል። ሁለቱም ወገን የልጁንና የልጅቷን አያት ቅድመ አያት እየቆጠረ ይመረምራል። ከሁሉ የሚፈራው ቁምጥና ነው። ቁምጥና ያለበት ዘር ከተባለ መሬቱም መልኩም አያድነውም። የይርጋነሽ ዘር ንጹሕ ነበር፤ ማንም ክፉ አላወራበትም። ግን በዚያን ቀን ግራዝማች ብርሌውን ሲቀበሏት የተጣመሙ ጣቶቿን ከነጠላው ሥር ለአፍታ አይተው ኖሯል። እኛ ማየታቸውን አላወቅንም።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሎቹ ጉንደ ወይን አድረው ሞጣ ገቡ። ቤቱ ተጠራርጓል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ መሪጌታ ነጭ ለብሰው ተሰይመዋል። ይርጋነሽ ሌሊቱን ያበጡ እጆቿን በጋቢ ሸፍና ጓዳው በር ላይ ቆመች። ጠዋት ላይ ቀሚሷን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ሴት ለእንግዳ ከሩቅ እጅ ነሥታ ብታልፍ ነውር የለበትም፤ እሷም ልክ እንደዚያ ልታደርግ ነበር። ግራዝማች ውበቴ ግን ከተቀመጡበት ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉላት። የተዘረጋ የሽማግሌ እጅ አይመለስም። ሰጠቻቸው።

በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እንዴት ሰነበቱ፣ እመቤቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት ሰነበቱ፣ ግራዝማች?»

«ደህና ነዎት? ልጅዎ ደህና ነች?»

«ይመስገን። መንገዱ እንዴት ነበር?»

የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ከሰው ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ አዝመራ ይሄዳል። ሽማግሌው ሰላምታውን ባስረዘሙት ቁጥር እጃቸው ይጠብቃል። እኔ ማድጋው አጠገብ ሆኜ አየሁ። ዓይናቸው እጇን አያይም፤ ፊቷን ብቻ ነበር የሚመለከተው። የእጇን አንጓዎች እርስ በርስ እስኪጋጩ ጨመቁት። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላቡ ችፍ አለ። ይርጋነሽ ፈገግ ብላ ነበር።

«ቀኛዝማች ደህና ናቸው? በቅሎዎቹንስ መንገዱ አልጎዳብዎትም?» አለች። ድምጿ እንኳ አልተለወጠም።

ግራዝማች እጇን ለቀቁ። ፊታቸው ወዲያው ጠቆረ፣ እኔ ግን የመንገድ ድካም መሰለኝ። ምግቡን ቀመስ ቀመስ አደረጉ፣ ጠላውን በቅጡ ሳይነኩት «ቀኛዝማችን አማክረን እንልካለን» ብለው ተነሡ። መሪጌታ በር ድረስ ሸኟቸው።

ሰዎቹ ከዓይን ሲጠፉ ይርጋነሽ መደቡ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እጆቿ ጭኗ ላይ ቀልተው አብጠዋል። እሷ ግን ትስቃለች፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«አየሽ፣ በዛብሽ? አላወቁብኝም! ሰውየው እጄን እንደ ሎሚ ሲጨምቁት እህ አላልኩም። እዩኝ፣ ደህና ነኝ፣ ምንም የለብኝም አልኳቸው በፊቴ። ልጄ ዳነች።»

ባንቺዓለም ሮጣ መጥታ አንገቷን አቀፈቻት። እኔም እልል አልኩ። ይርጋነሽን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከቢቸና የመጣ ነጋዴ መልእክት አደረሰ። ቀኛዝማች ልጃቸውን ለሌላ አስበዋል፣ ይቅርታ ይደረግልን የሚል ነው። ምክንያት አልተነገረም። ምክንያቱን የሰማነው ገበያ ላይ ነው። «የይርጋነሽ እጅ ቁምጥና ነው» ይባላል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይላሉ፤ መላ የሚጨምር ግን አልነበረም። መጀመሪያ አንዷ ራሴን አሞኛል ብላ ጸጉሯን ሳትሠራ ቀረች። ሌላዋ ሐዘን ላይ ነኝ አለች። ቀጥሎ ምክንያት መስጠቱም ቀረ። በቤተ ክርስቲያን ይርጋነሽ አጠገብ የቆመች ሴት ሁሉ ነጠላዋን ሰብሰብ ታደርጋለች። በርጩማዋ ባዶውን ዋለ። ለዓመታት ራሳቸውን ጉልበቷ ላይ ጥለው ሲያንቀላፉ የኖሩ ናቸው እኮ! እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ያናድደኛልም።

በንዴት ብድግ ብዬ አቶ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። «አንተ ቁምጥና አይደለም ካልክ ወጥተህ ለሕዝብ ተናገር!» ብዬ ጮህኩበት። እየሰማኝ ሳለ ፊቱ ተለዋወጠ። «የሽማግሎቹ አለቃ ረጅም፣ ሽበታም ናቸው?» አለኝ።

«አዎ። ምነው?»

ተቀመጠ። ከዚያ የሆነውን ነገረኝ። በቀጠሮው ጠዋት ግራዝማች ለዓይናቸው መድኃኒት ብለው ጤና ጣቢያው ጎራ ብለዋል። ሲወጡ ቆም አሉና «ልጄ፣ ቁምጥናን ከሌላ የእጅ በሽታ በምን ይለዩታል?» ብለው ጠየቁት። የማን እጅ እንደሆነ አልተናገሩም፤ የሰው ስም ላለማጥፋት ብለው ነው። አቶ እንድሪስም እንዲህ ያለ ጥሩ ጥያቄ የሚጠይቅ ሽማግሌ በማግኘቱ ደስ ብሎት አስረዳቸው። «ቁምጥና የያዘው እጅ ስሜት የለውም። ቢጨምቁት አያውቀውም፣ ቢወጉት አያውቀውም። ሪህ የያዘው ግን ገና ሲነኩት ያስጮኻል።»

ግራዝማች አመስግነው ወጡ። በቀጥታ የመጡት ወደ እኛ ቤት ነው።

እሳቸው የሰው ስም ላለማጥፋት ዝም አሉ፤ እሷ ሕመሟን ላለማሳየት ዝም አለች። ጨዋነት እንዲህ ቤት ሲያፈርስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌውን ልረግም ፈለግሁ፣ ግን የሚረገሙበት ቦታ አጣሁባቸው። እጇን ሲይዙ እንድትጮኽ እየለመኑ ነበር እኮ። አንዲት «ውይ» ብትወጣት ኖሮ ሠርጉ በዚያው ቀን ይቆረጥ ነበር።

አቶ እንድሪስ ሳይውል ሳያድር በቅሎ ተከራይቶ ቢቸና ወረደ። ሲመለስ የነገረኝ ይህን ነው፦ ቀኛዝማች በክብር ተቀብለውታል፣ አብልተው አጠጥተውታል፣ ሁሉን አድምጠውታል። በመጨረሻ «ልጄ፣ አንተ ያልከው እውነት ይሆናል» አሉት። «ከአፍ የወጣ ግን አፋፍ ነው። የልጅ ልጆቼ ሲያድጉ ሰው የሚጠይቃቸው አንተን አይደለም፣ ዘራቸውን ነው። ደግሞም ለቢሆነኝ ሌላ ልጅ ታጭታለታለች።» ቢሆነኝ እዚያው ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ከመስማት በቀር ቃል አልተናገረም። ትምህርት ቤት ሲከፈትም ወደ ሞጣ አልተመለሰም፤ ሌላ ቦታ ተዛወረ አሉን።

ለይርጋነሽ የነገራት ራሱ አቶ እንድሪስ ነው። ከመደቡ በታች በርከክ ብሎ፣ ልክ እንደ ልጇ፣ ምንም ሳይደብቅ ነገራት። እሷም እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ታዲያ ብጮኽ ኖሮስ?» አለችው።

ባንቺዓለም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለእናቷ ክፉ ቃል አልተናገረችም፣ ያን ጊዜም ሆነ ኋላ። ያ ዝምታዋ ግን ከስድብ ይብስ ነበር፤ የእናቷ ልጅ አይደለች?

ከዚያ በኋላ ይርጋነሽ ሌላ ሰው ሆነች። እህ ብላ የማታውቀው ሴት መጮኽ ጀመረች። በገበያ ሰው ገፋ ሲያደርጋት «ውይ እጄን! ውይ አንጓዬን!» ትላለች። ጠበል ሲረጯት፣ መስቀል ስትሳለም፣ ነፋስ ሲነካት ሳይቀር ትጮኻለች። በሽታው ጋብ ባለላት ሰሞን፣ ሲነኳት ምንም በማይሰማት ቀን እንኳ ትጮኽ ነበር። ሰው ሁሉ እንዲሰማላት ነው። «ይሰማኛል እኮ፣ ያመኛል እኮ» ትላለች ላገኘችው ሁሉ። ሰዎቹ እሷ ስታልፍ ይጠቃቀሳሉ። «መጮኹን አሁን ተማረች» አሉ። እኔ ሁለት ሦስቱን በአደባባይ ሰድቤያቸዋለሁ፣ አልጸጸትም።

ኋላ ገበሬው አዲሱን ግብር አልከፍልም ያለበት ሁከት መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ መድኃኒቱም ጠፋ። አቶ እንድሪስም ወደ ሌላ አገር ተቀየረ። ሲሰናበታት የመጨረሻውን አስፕሪን ሰጣትና «ዘበኞቹ አሁን በርትተዋል፣ እትዬ፤ እኔ ላቆማቸው አቅም የለኝም» አላት። እውነቱን ነበር። ጣቶቿ ተጣምመው እርስ በርስ ተደራረቡ፣ አውራ ጣቷ መዳፏ ውስጥ ገባ። ሚዶ መያዝ አቃታት። ጎርሳ የምትበላው ባንቺዓለም ወይም እኔ ስናጎርሳት ነበር።

ባንቺዓለምን የሚጠይቅ አልመጣም። እኩዮቿ ልጅ ታቅፈው ለክርስትና ሲሄዱ እሷ እንስራዋን አዝላ በዚያችው መንገድ ትመላለስ ነበር። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለች የአባቷ እህት «ልጅቷ እኔ ዘንድ ትምጣ፣ ሥራ አላጣላትም» ብላ ላከች። ሥራው የሰው ቤት እንደሆነ ማንም አልተናገረም፤ ሁላችንም ግን አውቀነዋል። ቢቸና ውስጥ የቤት እመቤት ልትሆን የነበረች ልጅ ናት።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ በምትሄድበት ጠዋት ባንቺዓለም በርጩማውን ከጓዳ አውጥታ እናቷን አስቀመጠች። ራሷ ጉልበቷ ሥር ቁጭ አለችና ሻሿን ፈታች። «ሥሪኝ፤» አለቻት።

«በምን እጄ፣ ልጄ?»

«በዚሁ።»

ይርጋነሽ ጸጉሩን በወስፌው ሳይሆን በጣቷ ጎን ከፈለችው። በሁለቱ እጆቿ አንጓዎች መካከል እየያዘች፣ በጥርሷ ጫፉን እየረዳች ጎነጎነች። አንዱ ሹሩባ እስኪያልቅ ፀሐዩ ደጃፉ ላይ ደረሰ። ጠማማ ነበር፤ እኔ እንኳ ከዚያ የተሻለ እሠራለሁ። እንደገና ስትጀምር የጭነት መኪናው ጥሩምባ ከወደ ገበያው ተሰማ። ቀና ብላ አየችኝ። የቀረውን እኔ ቶሎ ቶሎ ጎነጎንኩት፤ እሷ የሠራችውን አልነካሁትም።

መኪናው ጋ ስንደርስ ባንቺዓለም ዕቃዋን ጭነቱ ላይ ወረወረችና ወደ እናቷ ዞረች። ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻቸው። ልጅቷ እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር፤ አሁን ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። የምትይዘውን አላወቀችም፤ እጆቹን ደረቷ ላይ አድርጋ ባላት ኃይል ጨመቀቻቸው።

«እማዬ፣ ያምሻል እንዴ? አሳመምኩሽ?»

ነፋስ ሲነካት የምትጮኸው ይርጋነሽ፣ መንደሩ ሁሉ ቆሞ እያያት፣ ፈገግ አለች።

«አላመመኝም፤» አለቻት። «ሂጂ፣ ልጄ።»

አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላቡ ችፍ ብሏል።